የአባ ቸርኬ አድማሴ ዜና፦ አውራ ጣቱ ሸፍቶበት ከብስክሌቱ ስላለመውረዱ

ኑ፣ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። አንተ በሩ ጋ ያለኸው ግባና ዝጋው፣ ብርድ አስገባህብን። አንቺም እግርሽን ሰብስቢ፣ ታላላቆችሽ ይለፉ። ጋቢ ያለው ለሌለው ያጋራ። ዛሬ የምታዳምጡት ከተማ የቆረቆረ፣ አገር ያቀና፣ ጠላት የመታ ሰው ዜና አይደለም፤ እጁን እያመመው "አላመመኝም" ብሎ በኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ የኖረ ሰው ዜና ነው። ይህም ዜና ነውና በወጉ ይነገራል። ዝም በሉና ስሙ።

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ከደርግ መውደቅ ወዲህ ሰው ሁሉ ስብሰባና ግምገማ ከመልመዱ የተነሣ ሚስቱንም በአጀንዳ በሚያነጋግርበት ዘመን፣ የሞባይሉ ማማ በመካነ ሰላም አናት ላይ ተተክሎ ሕዝቡ "ሃሎ፣ ሃሎ" እያለ ኔትወርክ ፍለጋ ካብ ላይ በሚንጠላጠልበት፣ ግሬደሩም የከላላን መንገድ ሊያቀና መጥቶ፣ እኩሌታውን ጠርጎ፣ እኩሌታውን ቆፍሮ፣ እዚያው ተበላሽቶ በቆመ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ተነሣ አንድ ብእሲ በመካነ ሰላም፣ ወስሙ አድማሴ፤ ኃያል ወጽኑዕ፣ ምክር የማይደፍረው፣ ወጌሻ የማያሸንፈው፣ ሐኪም ነግሮ የማይመልሰው፣ ሚስቱ ጮኻ የማታስወርደው፣ የፈረስ ስሙም አባ ቸርኬ።

የፈረስ ስም ይኑረው እንጂ ፈረስ አልነበረውም። በቅሎም አልነበረውም። አንዲት አህያ ነበረችው፣ እሷም ጠባዩን መቻል አቅቷት ሞተች ይባላል። የነበረው ብስክሌት ነው። ያውም የመንገድ ቀያሾች ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት፣ ቀለሙ ምን እንደነበረ የሚመሰክር የሌለ፣ የቀኝ ፍሬኑ ከጠፋ የሰነበተ፣ የግራ ፍሬኑ በስልክ ሽቦ የተቀጠለ፣ የመሪው እጀታ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ የተጠመጠመ፣ ኮርቻው የበግ ቆዳ የለበሰ ግሣንግሥ። አድማሴ ግን ይህን ግሣንግሥ እንደ ንጉሥ ሰጋር በቅሎ አስጊጦት፣ ከመሪው በታች ቃጭል አንጠልጥሎለት፣ ግራና ቀኝ ቀይ ዘርፍ አስሮለት፣ ማለዳ ማለዳ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ሳያደርግና "እንዴት አደርክ" ሳይለው አይነሣም ነበር። ሚስቱን እንዴት አደርሽ ማለቱን ግን የሰማ የለም።

ሹመቱም የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበረ። እድሩ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን የሚላቀስበት ትልቅ እድር ነው። ሰው ባለፈ ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባ ይነፋል፤ ነፊውም ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ እየተናገረ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ሕጉም የቆየ ሕግ ነው። ጡሩምባ በቀኝ እጅ ይያዛል፣ ለሙት ግራ እጅ አይዘረጋምና። ጥሪ የሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፤ መንገደኛም ቢሆን፣ ሟቹን ባያውቀውም፣ ጥሪ ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው። ነገር ግን ከእድርተኛው አንድ ቤት እንኳ "አልሰማሁም" ብሎ ከመሰከረ፣ ጡሩምባው ከነፊው እጅ ይነጠቃል።

ከአድማሴ በፊት ይህን ጡሩምባ የያዘ አያ ሞላ ነበረ፤ ትንፋሹ እንደ ወናፍ፣ ምላሱ እንደ ጎራዴ። ሞላ በእግሩ እየሄደ ይነፋ ነበር እንጂ ቆሞ ነፍቶ አያውቅም። ጉልበቱ በከዳው ጊዜ ጡሩምባውን አስረከበ፤ ባስረከበም ዕለት በእድርተኛው ፊት እንዲህ ሲል አወጀ፦

"እኔ ሞላ ቆሜ አልነፋሁም! ቆሞ የሚጮኽ አውራ ዶሮ ነው። ከእኔ በኋላ የሚቆም ነፊ ቢመጣ ጡሩምባዬን መልሱልኝ፤ በበቅሎዬ ላይ ሆኜም ቢሆን እነፋዋለሁ!"

ይህች ቃል በአድማሴ ልብ እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች። እሱም በበኩሉ፣ ሲነፋ ከብስክሌቱ ላይወርድ፣ ላይቆምም፣ በአደባባይ ማለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀኝ እጁ ጡሩምባ ያዘ፤ የቀረው ሁሉ፣ መሪውም፣ ፍሬኑም፣ የገላው ክብደትም፣ የመካነ ሰላም ድንጋይ ሁሉ ንዝረትም፣ በግራ እጁ ላይ ወደቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በየመታጠፊያው ወርዶ፣ ነፍቶ፣ ተመልሶ ይወጣ ነበር። ይህን ለማወቅ የሰሎሞን ጥበብ አያስፈልግም፤ ፍየልም ታውቀዋለች። አድማሴ ግን ከፍየል ምክር የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ወእምዝ ሸፈተ አውራ ጣት።

የግራ እጅ ገዥ የሆነው አውራ ጣት በጌታው ላይ ተነሥቶ ግብር አልገብርም አለ፤ የእጅ አንጓም አብጦ አብሮት ሸፈተ፤ ሕመሙም ከሁለቱ ተነሥቶ እንደ ዘማች ጦር በክንድ ሽቅብ እስከ ክርን ዘለቀ፤ የቀሩት አራት ጣቶች ግን መሐል ሰፋሪ ሆነው ወደ ማንም ሳይወግኑ ቀሩ። አድማሴስ ምን አደረገ? ሞኝ ንጉሥ የሚያደርገውን አደረገ፤ ሽፍታ የሚባል በግዛቴ የለም አለ። የውሃ ጣሳ ከእጁ ወደቀ፤ ጣሳውን ሰደበ። በር መክፈት አቃተው፤ አናጢውን ረገመ። ቀኙ ጡሩምባ ይዞ ሳለ ሰው ሊጨብጠው ሲመጣ የግራ ክርኑን ዘረጋለት፤ ያም ሰው እጁ ታጥቦ ያልደረቀ መስሎት በአክብሮት ያበጠውን አንጓ ጨብጦ ወዘወዘው። አድማሴም ዕንባው ዓይኑን ሞልቶ "አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ" አለ። ክርስቲያን ነው፣ ግን ወሎዬ ነው፤ ሲያመው በሁለቱም ቋንቋ ይዋሻል።

ወጌሻ መጣ፤ ቅቤ ቀባው፣ አሸው፣ በሸምበቆ ጠፈረውና "እስከ ጥምቀት እንዳትነካው" ብሎ ሄደ። ሸምበቆው መሪው ላይ እየተንኳኳ አላስኬድ ቢለው፣ አድማሴ የወጌሻው ጀርባ ከአጥሩ ሳይርቅ ፈትቶ ጣለው። ጤና ጣቢያም ሄደ፤ ኪኒንና ዕረፍት አዘዙለት። ኪኒኑን በኪሱ ከቶ፣ ዕረፍቱን ለእነሱው ትቶላቸው ወጣ።

ሚስቱ ብርሀንነሽ ግን እስከዚያ ድረስ የኮቱንና የሱሪውን ቁልፍ ማለዳ ማለዳ ስትቆልፍለት ቆይታ ነበርና፣ ከዕለታት በአንዱ በደጃፏ ቆማ፣ ጎረቤት እስኪሰማ እንዲህ ስትል አወጀች፦

"አንተ ሰው፣ ስማ! ጎረቤትም ስማልኝ! ልጅ ወልጄ አሳድጌ፣ ቁልፍ ቆልፌ ጨርሻለሁ። ሁለተኛ ልጅ አላሳድግም! ከዛሬ ወዲያ ሱሪህን ያ ጎማህ ይቆልፍልህ! ውረድና ንፋ ብንልህ እምቢ ካልክ፣ እንግዲህ ሱሪህን በጥርስህ ያዝ!"

አዋጁም ጸና። አድማሴ ከዚያ ወዲህ በገመድ እየታጠቀ ወጣ።

ጎሕ ሲቀድ ለጥሪ ሲወጣ የሚከተለው ሠራዊት ይህ ነበረ፦ በፊታውራሪነት የእድሩ ዳኛ የሐጂ አሕመድኑር ጥቁር ውሻ፣ በጎማው ላይ የቆየ ቂም ያለው፤ በቀኝ አዝማችነት የወፍጮ ቤቱ ቡችላ፤ በግራ አዝማችነት ባለቤቷ ያልታወቀ አንዲት አንካሳ ውሻ፤ በደጀንነት የታች ሰፈር ዶሮዎች፣ መጀመሪያ የሚሸሹና ሲያልፍ የሚጮኹ፤ ከላይም ቁራዎች። እሱም በመካከላቸው ደረቱን ነፍቶ፣ ሱሪውን በገመድ ታጥቆ፣ ግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ በግርማ ያልፍ ነበር።

ታዲያ በወርኃ ጥር አንድ ማለዳ እጁ መሪውን ለቀቀና ከነጡሩምባው ቁልቋል አጥር ውስጥ ገባ። ጥሪው ተስተጓጎለ፤ እሾህ ሲለቀምለት አረፈደና ለሁሉም ቤት የደረሰው ዘግይቶ ነው። እድርተኛው ተሰበሰበ። አያ ሞላ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነውና፣ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሥቶ አወጀ፦

"እድርተኛ ሆይ! እኔ ክፉ አልናገርም፤ ለአድማሴ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ግራ እጁ ከሞተ ሰንብቷል። ግን ምን ይሆናል፣ የገዛ እጁን ሞት የሚጠራለት ነፊ አጥቶ ይኸው ሳይቀብረው ይዞት ይዞራል!"

ሰው ሳቀ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አድማሴም ከአንገቱ ላይ የቀረች እሾህ እየነቀለ እንዲህ ሲል መልሶ አወጀ፦

"አያ ሞላ፣ እርስዎ ጉልበትዎ ሲሞት ቀብሩን ጠርተውናል እንዴ? እኔ አልቆምም! አልወርድም! እጄን አላመመኝም! ያመመኝ የእርስዎ ምላስ ነው!"

ሐጂ አሕመድኑር እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙና ፍርድ ሰጡ፦ "ከዛሬ ወዲህ አንድ ቤት ጥሪ አልደረሰኝም ካለ፣ ጡሩምባው ዕለቱን ለሞላ ይመለስ። አንተም አድማሴ፣ አላህ ልብ ይስጥህ፤ ውረድና ንፋ፣ ልጄ። አንተም ሞላ፣ አላህ አፍ ይዝጋልህ።" ሁሉም አሜን አለ። ሁለቱ ግን አሜን አላሉም።

አሁን፣ ልጆቼ፣ ስለ እቴቴ እንቁ ልንገራችሁ።

እቴቴ እንቁ ጥጥ ፈታይ ነበሩ። ባላቸው ድሮ ሞቷል፤ አንዲት ልጃቸው መሰረት ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሌላ ወገን የላቸውም። በደጃፋቸው ተቀምጠው፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ መንገደኛ እየመረቁ ይውላሉ። አድማሴ በዚያ ሲያልፍ እጁን በጉያው ሸጉጦ አይተው ጠሩት። እሳቸው ብቻ "ውረድ" አላሉትም። ያበጠውን አውራ ጣት በራሳቸው አውራ ጣት ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ከፈተሉት ክር መዝዘው፣ ከጣቱ ሥር ጀምረው አንጓው ድረስ ጠመጠሙለትና እንዲህ አሉ፦

"አብሽር፣ ልጄ። የእኔም አውራ ጣት እንዝርት ሲያሾር ይኸው ተጣሞ ቀርቷል፤ ተው ብለው ብለው ሰለቻቸው። አንተም አትሰማም፣ ዐውቃለሁ። ብቻ አንዲት ነገር ለምኜሃለሁ፤ ስሞት ቀባሪ እንዳታሳጣኝ። ሰው ሳይሰማ፣ በአራት ሰው ቃሬዛ ሹልክ ብዬ እንዳልሄድ። ልጅ ባላገኝ ሰው ላግኝ።"

አድማሴም፣ ያ ሁሉ ሰው ሲመክረው ያልሰማው አድማሴ፣ አንገቱን ደፋና "በሞቴ፣ እቴቴ፣ አላሳጣዎትም" አለ። ትልቅ ቃል ነው። በሰላሙ ቀን ትልቅ ቃል መግባት ለእሱ ምንም አልነበረም።

ወእምድኅረዝ በወርኃ የካቲት፣ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር በማያስብበት በገበያ ዕለት ማለዳ፣ እቴቴ እንቁ እንዝርታቸውን በጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ዐርፈው ተገኙ። አድማሴም ጡሩምባውን በቀኙ፣ ሽፍታውን እጅ በመሪው፣ ገመዱን በወገቡ፣ ውሾቹን በኋላው አድርጎ ተነሣ፤ በታች ሰፈርም እንዲህ ሲል ነፋ፦

"እድርተኛ ስማ! ጎረቤት ስማ! እቴቴ እንቁ፣ ጥጥ ፈታይዋ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል! ቀብራቸው በስድስት ሰዓት በሚካኤል ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!"

የሰማው ሰማ። ከሰማውም እኩሌታው "ነፍስ ይማር" ብሎ በጉን ወደ ገበያ ነዳ። ወገን የሌላት አሮጊት፣ ማን ይወቅሰኛል ያለ ሁሉ ነው። ነውር የሚታወቀው ለባለጸጋ ቀብር ነው መሰለኝ። አድማሴም ይህን በዓይኑ አየ፤ ጥርሱን ነክሶ የታች ሰፈርን ጨረሰና ከቁልቁለቱ አፋፍ ወዳለው የመጨረሻው ቤት ደረሰ። ከዚያ ፍሬን ይዞ፣ ዞሮ፣ ወደ ላይ ሰፈር ሊመለስ ነበር ሐሳቡ።

ፍሬኑን እንዲጨብጥ እጁን አዘዘ፤ አውራ ጣት እምቢ አለ። ለመነው፤ እምቢ አለ። እጁ እንዳለ ተከፈተና ብስክሌቱ ወደ ከላላ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ራሱን ለቀቀ። በኮንጎ ጫማው መሬቱን ቢረግጥ ጫማው ተበጥሶ በራሱ መንገድ ሄደ። ቃጭሉ እንደ ቅዳሴ ተንቃጨለ፤ ዘርፉ እንደ ሰንደቅ ተውለበለበ፤ ገመዱ ላላ፤ ውሾቹ እንኳ፣ እነዚያ ታማኝ ውሾች፣ ቁመው ተያዩና ተመለሱ። ጌታቸው ሊሞት መሆኑን ዐውቀው ነው፤ ውሻ ከአድማሴ ይሻላል።

ከሠራዊቱ ሁሉ ያልሸፈቱበት ቀኝ እጁና ትንፋሹ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ነፋ። ሌላ የሚያደርገው ነገር ስላልነበረው ነፋ።

በዚያ መንገድ የገጠሩ ሰው ወደ ገበያ ሲወጣ ነበር፤ እህል የጫነ፣ ዶሮ በምርኩዝ ያንጠለጠለ፣ ጨው ሊገዛ የሚሄድ፣ ክስ ያለበት፣ ሙሽራ የሚያጭ። በእነዚያ መንደሮች የከተማው እድር ጡሩምባ ከተፈጠረ ጀምሮ ተሰምቶ አያውቅም። እነሆም አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ሰው ከሰማይ እንደተወረወረ በመካከላቸው እየበረረ "እቴቴ እንቁ ዐርፈዋል! በሚካኤል! በስድስት ሰዓት!" ይላል። ሰው ወደ ካቡ ዘለለ፤ አህያ ጭነቱን ጣለ፤ ዶሮዎቹ ከምርኩዙ ላይ ዕድላቸውን ሞከሩ። አቧራው በተገለጠ ጊዜም አንድ ሽበታም ባላገር ምርኩዙን አንሥቶ አወጀ፦

"ሰዎች፣ ሰማችሁ አይደለም? የእኛ ጠሪ ለቀብር ሲጠራ ያዛጋል፤ ለዚች ሴት ግን ጠሪው ነፍሱን ጥሎ ነው የሚጠራ! ምን ያለች ሴት ብትሆን ነው! ጥሪ ሰምቶ ማለፍ የለም፤ ገበያው ሳምንትም አለ!"

ያን ጊዜ ገበያተኛው ሁሉ ፊቱን ወደ ሚካኤል አቀና። እኔ እንግዲህ ምን እላለሁ? ከከተማው ሰው ይልቅ ወግ የቀረው በገጠሩ ነበረ።

አያ ሞላም በዚያች ሰዓት በቅሎውን ዳማን ተቀምጦ፣ የእንቁን ሞት ሳይሰማ፣ ከቁልቁለቱ እግር ሥር ወደ ከተማ እየመጣ ነበር። የሚነፋ ነገር ሰማ፤ ቀና ቢል አድማሴን አየ፤ አድማሴም ሞላን አየ፤ ዳማ ሁለቱንም አየች፤ ከሦስቱ አስተዋይ እሷ ነበረችና ሞላን ቦይ ውስጥ ጥላ ወደ ቤቷ ሄደች። አድማሴም ከነብስክሌቱ እላዩ ላይ ወደቀ። እንዲህም ሆኖ የጡሩምባው አሮጌ ጌታና አዲስ ጌታ በአንድ ጭቃ ውስጥ ተገናኙ። ሞላ ከጭቃው ሳይወጣ አወጀ፦

"አላልኩም! አላልኩም ወይ! ጎማ ሰው ይገድላል አላልኩም! ወላሂ አሁን እድርተኛው ይሰብሰብና ጡሩምባዬን ያምጣ! ከታች ሰፈር ተንከባልለህ እዚህ ወደቅህ፤ ላይ ሰፈር ጥሪ ሰምቷል? አልሰማም! በል እንግዲህ እዚሁ ተኛ፤ እኔም እተኛለሁ፤ የቀብሩ ሰዓት ይለፍና እንተያያለን!"

እውነቱንም ነበር። ላይ ሰፈር ገና አልተጠራም፤ ሞላ በዚያ ቦይ ውስጥ ጥቂት ቢቀመጥ ጡሩምባው የሱ ነው። አድማሴም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦ "አያ ሞላ፣ ይስደቡኝ፣ ይገባኛል። ጡሩምባውንም ይውሰዱት። ግን እቴቴ እንቁ ናቸው ያረፉት። ቀባሪ አላሳጣዎትም ብያቸዋለሁ።"

ሞላ የለበሰው ጋቢ ድሩም ማጉም ከእንቁ እንዝርት የወጣ ነበረ። ጭቃ የነካውን የጋቢውን ጫፍ አየ፤ የአድማሴን ያበጠ ጣት፣ በላዩም የተጠመጠመውን ክር አየ። ክሩን ዐወቀው። እጁን ዘረጋና "አምጣ፣ አንተ ግም!" አለ። ጡሩምባውን ተቀበለ፤ አፉን በጋቢው ጠረገ፤ በቀኝ እጁም ይዞ፣ ያን እንደ ወናፍ ያለ ትንፋሽ ለቀቀው። የቦዩ እንቁራሪት ሁሉ ዝም አለ።

የሞላ ጉልበት ዳገቱን አይወጣም። የአድማሴ እጅ ጡሩምባና መሪ አብሮ አይዝም። ስለዚህ ሞላ ከኋላው መጫኛ ላይ ወጣ፤ አድማሴም መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሽማግሌውን እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ፣ ዳገቱን እየገፋ ወጣ። ሁለት እጅ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ያን ዕለት ዐወቀ። ዐውቆም ለማንም አልተናገረም። ሞላ ከላይ ሆኖ ሲነፋ፣ በየመካከሉም "ግፋ! ዓይንህ የት ነው! ድንጋይ!" እያለ ሲያውጅ፣ ከኋላቸው ባላገሩ ከነአህያው፣ ከነዶሮው፣ ከነዕንቁላሉ ተሰለፈ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ አድማሴ ኮርቻው ላይ ወጣና ሁለቱ በአንድ ብስክሌት በላይ ሰፈር ቤት ለቤት ዞሩ። ሞላ ሲነፋ በሩን ያልከፈተ አልነበረም፤ ግማሹ ለቀብር፣ ግማሹ ለጉድ። በገበያው አጠገብ ሲያልፉም፣ ያ ማለዳ ሰምቶ ያልሰማ የመሰለው ሁሉ የኋላቸውን ሰልፍ አየና አፍሮ በጉን ለጎረቤት አደራ እያለ ተከተለ።

በስድስት ሰዓት የሚካኤል ቅጽር አልበቃ አለ። ካህናቱ ሹም የሞተ መስሏቸው አዲሱን ጥላ አወጡ። የማያውቋቸው ሰዎች "ማን ናት?" ሲሉ፣ የሚያውቋቸው "ጥጥ ፈታይ ናት" አሉ፤ ያን ጊዜ አንዲት የገጠር ሴት የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ አየችና "ይህን ክር የፈተለችው እጅ ናት ወይ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ልብሱን ማየት ጀመረ። ለቅሶው ያን ጊዜ ለቅሶ ሆነ። በአራት ሰው ቃሬዛ መሄድን የፈሩት እቴቴ እንቁ፣ አገር ተሸክሟቸው ገቡ።

አድማሴስ? አድማሴማ አድማሴ ነው። አፈሩ ሳይደርቅ ካብ ላይ ወጥቶ እንዲህ ሲል አወጀ፦ "ሁላችሁ ዕወቁ! በቁልቁለቱ የወረድሁት ዐውቄ ነው! ፍሬን ትቼ የሄድሁት በጥበብ ነው! እጄንም አላመመኝም!" ይህንንም ያመነው የሐጂ ጥቁር ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም ስለራበው ነው።

ሐጂ አሕመድኑር ግን እድርተኛውን ሰብስበው ፍርዳቸውን አሰሙ፦

"ስሙ። ዛሬ አንድ ቤት ጥሪ አልሰማሁም አላለም፤ እንዲያውም ልንጠራው የማናውቀው ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ጡሩምባው አይነጠቅም። ነገር ግን አንዱ ትንፋሽ አለው፣ ጉልበት የለውም፤ አንዱ ጎማ አለው፣ ጣት የለውም። ከዛሬ ጀምሮ ትንፋሹ የሞላ፣ ጎማው የአድማሴ ይሁን። ማንም አይቆምም፣ ማንም አይወርድም፣ መሐላችሁም አይፈርስም። ይህን ለማሰብ የሴትዮዋን ሞት የጠበቅን እኛም ሸጋ ሞኞች ነን፤ አላህ አፉ ይበለን።"

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ብስክሌት ዞሩ። የሞላ ክብደት በአድማሴ አንጓ ላይ ተጨመረና ሕመሙ ጨርሶ አልተወውም፤ አውራ ጣቱም ዝናብ ሲመጣ እስከዛሬ ይሸፍታል። ብርሀንነሽም ቁልፉን እንደገና ቆለፈችለት፤ ግን ስትቆልፍ ዝም አላለችም። ሞላ ከኋላ "ፍጠን" ይላል፤ አድማሴ ከፊት "ይክበዱ እንጂ አይናገሩ" ይላል፤ ሟቹ በሰላም ሲያርፍ ጠሪዎቹ ሲጣሉ ይነጋል። የእንቁ ክር ግን አድማሴ ሳይፈታው፣ በጣቱ ላይ አርጅቶ፣ በራሱ ጊዜ ነው የተበጠሰው።

ሰላም ለአእዛኒከ፣ አባ ቸርኬ፣ ምክር ላልገባባቸው ጆሮዎችህ! ሰላም ለክሣድከ፣ ደንድኖ ለማይታጠፈው አንገትህ! ሰላም ለእዴከ፣ ለከዳችህና በክህደቷ አገር ለጠራችው ግራ እጅህ! አንተ ዳገት ያልመለሰህ፣ ቁልቁለት ያላስተማረህ፣ ቁልቋል የወጋህ፣ ጎማ የሾመህ፤ በመካነ ሰላም ከተነሡት ግትሮች ሁሉ የበላይ፣ ከሞኞች መካከል ቃሉን የጠበቀ፤ ስምህ ኮረኮንቹ እስኪጠረግ ድረስ ይኑር፤ ይኸውም ማለት ለዘላለም ነው።

እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ ሣቁ፤ የሚሣቅ ነው፣ እኔም ስቄአለሁ። ብቻ ነገ ማለዳ ብርድ ልብሱ ሞቋችሁ ሳለ ያ ጡሩምባ ከሩቅ ሲነፋ ብትሰሙ፣ የተጠራው ሰው ወገን የሌለው እንኳ ቢሆን፣ ያችን በክር የተጠመጠመች አውራ ጣት አስታውሱና ተነሡ። እቴቴ እንቁንም አስታውሱልኝ። የእኔም ቀን ሲደርስ፣ በገበያ ዕለት እንኳ ቢሆን፣ እባካችሁ፣ ሰምታችሁ አትለፉ።